የቡዳ ወሬ በጾም ቀን

አክስቴ ከቤቱ ደጃፍ መደብ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ በምታርፍበት ቦታ ተቀምጣለች። በስተቀኟ የቄሱ ሚስት ሰሌን ላይ፣ በስተግራዋ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ግድግዳውን ተደግፋ፤ ሁለቱም እንዝርት ይዘዋል። ሰፈሩ ሁሉ «አያ» ብቻ የሚላቸው ሽማግሌ ከኮኩ ዛፍ ሥር ባለሦስት እግር ዱካ ላይ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። የአክስቴ ምራት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷ አልተቀመጠችም፤ እንስራ አዝላ ትወጣለች ትገባለች። እኔ ከማገዶው ክምር አጠገብ ነኝ፤ በአንዱ ጉልበቴ ጥጥ፣ በሌላው የታሪክ መጽሐፍ፣ በትከሻዬ ለብርዱ ብላ አክስቴ ያዋሰችኝ የራሷ ነጠላ። ከአጥሩ ውጭ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ አንዲት እርምጃ ወደ ውስጥ ሳትራመድ፣ ሸክላ ሠሪዋ ከአህያዋ ጋር ቆማለች።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ጣሊያን ከጎንደር ወጥቶ፣ የሠራቸው ቤቶች ቀለማቸው መላላጥ የጀመረበት ጊዜ። እኔ ከዳባት መጥቼ አክስቴ ቤት እያደርኩ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። ክፍል የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቴን ለጥጡ እገብራለሁ። ወሩ ታኅሣሥ፣ ጾሙ የነቢያት ነው፤ በአክስቴ ቤት እህል የሚቀመሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ምራቷም እርጉዝ ናት ተብሎ ጾሙ አልቀረላትም። «የጾመች እናት ልጇ ይባረካል» ትላለች አክስቴ። እሷ ራሷ በጨጓራዋ ምክንያት እንዳትጾም ከንስሐ አባቷ ፈቃድ ነበራት።

ሸክላ ሠሪዋ ከወለቃ በኩል ነው የምትመጣው። በዚያ ዘመን ወገኖቿን የምንጠራበትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። እኛ ዓይኗን እንፈራለን፤ እሷን ደግሞ ሃይማኖቷ የእኛን ገላ እንዳትነካ ይከለክላታል፤ ከነካችን ወንዝ ወርዳ ሳትታጠብ ቤቷ አትገባም። ስለዚህ እርስ በርስ እየተጸየፍን በሰላም እንገበያይ ነበር። ሸክላውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ትላለች፤ ከእኛ አንዱ ያነሣዋል። እህሉን እኛ መሬት ላይ አስቀምጠን ወደ ኋላ እንላለን፤ እሷ ታነሣዋለች። አክስቴ ይህን ባየች ቁጥር «ኩራቷን አያችሁት? እኛን ትጸየፋለች እኮ!» ትላለች። የእኛው መጸየፍ ግን ንጽሕና ነበር።

የዚያን ዕለት የመጣችው አንድ ጋንና አንድ እንስራ ጭና ነው። ጥምቀት ስለቀረበ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የጠላ መጥመቂያ ጋን ይፈልጋል። ልማዱ ደግሞ አስቀድሞ የአክስቴ ጋን ይፈተናል፤ አክስቴ «ሸጋ ነው» ካለች ሰፈሩ በሙሉ ያዛል፤ ከንፈሯን ካጣመመች ማንም አያዝም። ዋጋው በዚያው በእንስራው የሚሰፈር ገብስ ነው። ሸክላ ሠሪዋ የሚታረስ መሬት የላትም፤ ለወገኖቿ ርስት አልተሰጠምና። ልጆቿ ክረምቱን የሚበሉት ከዚህ ሰፈር የሚሰፈረውን ገብስ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ጋን የሚፈተነው በውኃ ነው። እስከ አፉ ይሞላና ሆዱ ርጥበት ያወጣ እንደሆነ ይታያል። በዚያ ሰሞን የሰፈራችን ቦኖ ደርቆ ስለነበር ውኃው የሚመጣው ከቀሃ ወንዝ፣ በምራቷ ጀርባ ነው። ጋን ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይሞላም። ጋኑ እስኪሞላ ሸክላ ሠሪዋ ትቆማለች፤ እሷ እስክትሄድ ደግሞ ስለ እሷ ይወራል። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር ብዬ እንዳልዋሽ፣ አላደረጉም።

ባሏ የሞተባት ጀመረች። «የባሌ ወንድም ጠዳ አጠገብ አንድ ጅብ ተኩሶ ጣለ። ሲነጋ ሄደው ቢያዩት ጆሮው ላይ ጉትቻ!»

«ጉትቻ?» አለች የቄሱ ሚስት፣ እንዝርቷን አቁማ።

«የብር ጉትቻ። በማግሥቱ ሸክላ የምትሸጥላቸው ሴት ሞተች ተባለ። ጆሮዋ ባዶ!»

«በስመ አብ!»

ይህን ታሪክ ቀደም ብዬ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ጅቡ የተገደለው እንፍራንዝ ላይ ሲሆን ጉትቻውም የወርቅ ነበር። ወደ ብር ያወረደችው ለጾሙ ብላ ይመስለኛል። ልብ ብዬ እንዳየሁት በአገራችን የሚገደል ጅብ ሁሉ ጉትቻ አለው፤ ጉትቻውን በዓይኑ ያየው ሰው ግን አንድም ቀን አብሮን ተቀምጦ አያውቅም፤ ምንጊዜም የአንዲት ሴት የባሏ ወንድም ነው።

አክስቴ የሌላ ሰው ታሪክ ሲደነቅ አትወድም። «ይቺ ምን አላት! ቡዳ እኮ የሞተ ሰው ከመቃብር አውጥቶ ይገዛል። ቀን ቀን እንጨት ያስፈልጠዋል፣ ውኃ ያስቀዳዋል። እንግዳ ሲመጣበት በአርጩሜ መታ ያደርገውና ወደ እንስራ ይለውጠዋል።»

«ወደ እንስራ!»

«ምን የመሰለ እንስራ። ከጥግ ይቆማል። ጆሮሽን ብታስጠጊ ሲያለቅስ ትሰሚዋለሽ።»

ሁላችንም አዲሱን እንስራ ዞር ብለን አየነው። ይህን ጊዜ ምራቷ ጎብጣ ገባች፤ ውኃዋን ጋኑ ውስጥ ገለበጠችና ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። አክስቴ «ፈጠን በይ እንጂ፣ ፀሐይዋ ሳትከር» አለቻት፤ ወዲያው ወደ ሙታኑና ውኃ ወደሚያስቀዷቸው ክፉዎች ተመለሰች።

ተራው የአያ ሆነ። አያ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር ይባላል፤ በበር ገብተው በመስኮት ወጡ እንጂ። ዜማውን ባያውቁትም ከደብተራ የሚጠበቀውን ጉሮሮ መጥረግ ግን አሳምረው ያውቁታል።

«እናንተ ጉትቻ ትላላችሁ፤ ዋናው ምልክት ሌላ ነው» አሉ። «የተበላ ሰው የሚድነው የበላው ሰው ልብስ ተቆርጦ ሲታጠን ነው። የበላው ሰው ልብስ ከሆነ ጭሱ ያስነሣዋል። ያልበላ ሰው ልብስ ከሆነ ግን አገር ቢታጠን ንቅንቅ የለ። ጭስ አይዋሽም።»

«እውነት ነው አያ፣ ጭስ አይዋሽም» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

አክስቴ በፒያሳ ያለውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ትለው ነበር። ሰው ጨለማ ውስጥ ተሰብስቦ ሊደነግጥ መክፈሉ ይገርማታል። እሷ ይህንኑ በፀሐይ፣ በጾም፣ በነጻ ታስደርጋለች። ሰው ፍርሃትን ለምን አብሮ እንደሚያወራ መጽሐፍ ሳልገልጥ የተማርኩት ከዚያ መደብ ሥር ነው። የፈራ ሰው ፊቱ ይገረጣል፤ የእነዚያ ግን ይቀላ ነበር። የቄሱ ሚስትና ባሏ የሞተባት በአንዲት ዶሮ ተጣልተው ስንት ወር አልተነጋገሩም፤ የዚያን ዕለት ግን ጥጥ ይዋዋሱ ነበር። ብቻውን የሚፈራ ሰው ደስ ሲለው አላየሁም። ከብዙ ሰው ጋር ሲሆን ግን፣ ያውም የሚፈራው ነገር ከአጥሩ ውጭ ከቆመ፣ ከአጥሩ ውስጥ ያለ ሁሉ ዘመድ ይሆናል። እኔም ብሆን ጆሮዬን አልደፈንኩም፤ የታሪክ መጽሐፌ አንድ ገጽ አልተገለጠም።

ይህን ጊዜ ሸክላ ሠሪዋ ከውጭ ተናገረች። ፀሐይ ያደረቃት፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት።

«እሜቴ፣ ጋኑ አልሞላም?»

«ትንሽ ቀርቶታል። ምነው፣ ቸኮልሽ?»

«አልቸኮልኩም። ጨዋታችሁን እየሰማሁ ነው።» ከዚያ የአህያዋን አንገት መታ መታ አደረገችው። «ብቻ እኔ ጅብ ብሆን ኖሮ እሜቴ፣ ይህችን አህያ ገና ድሮ በልቻት ነበር። አትሄድልኝም፣ ትለግማለች።»

እኔ ሳቅኩ፤ ምራቷም፣ በበሩ ስትገባ ሰምታ፣ ፈገግ አለች። ሌሎቹ አልሳቁም። ቀልዱን ተቀባብለው መረመሩት።

«ሰማሽ? አህያ እበላለሁ አለች!» አለች ባሏ የሞተባት።

«በገዛ አፏ!» አለች የቄሱ ሚስት። «ኧረ እኔስ ከሷ ጋን የማዝ አይመስለኝም።»

ሸክላ ሠሪዋ ይህን ስትሰማ እጇን ከአህያዋ አንገት አነሣች። ከዚያ በኋላ አልቀለደችም።

ምራቷ የመጨረሻውን ውኃ ገለበጠች። «ሞላ» አለች። እንደ መቀመጥ ብላ ጋኑን ያዘችና በጎኑ ተንሸራታ ወደቀች። ካለፈው ቀን ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ከነጋ ጀምሮ ከቀሃ ዳገት አልተለየችም። ይህን ለማወቅ ደብተራ መሆን አያስፈልግም፤ ግቢው ውስጥ ያለነው ሁሉ እያየናት ነው የወጣችው የወረደችው። አክስቴ ግን ከመደቡ ሳትነሣ ጮኸች።

«በላቻት! በላቻት፣ እያያችኋት!»

አያ ተነሡ። ሌላው ሰው መሀረብ በሚይዝበት ኪስ እሳቸው ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይይዛሉ። ጨፍልቀው አፍንጫዋ ላይ ደፈኑባት። ልማዱ የታወቀ ነው፤ የተበላ ሰው የበላውን በራሱ አፍ እስኪጠራ ይጠየቃል፤ የተጠራ ሰው ደግሞ ይግባኝ የለውም። ሸክላ ሠሪዋ ከተጠራች የሚቀርባት አንድ ጋን ብቻ አይደለም። ከዚያ ዕለት በኋላ በጎንደር አንድም በር አይከፈትላትም፤ ገብሱም ይቀራል። እሷም ይህን ስለምታውቅ አልሸሸችም፤ የሸሸ ሰው ሳይጠራ እንደተጠራ ነው።

ምራቷ አስነጠሰች፤ ዓይኗን ገለጠች።

«ተናገሪ!» አሉ አያ። «ማን በላሽ?»

ሽንኩርቱን በእጇ ከአፍንጫዋ ገፋች።

«ማን በላሽ?»

«የባሌ እናት» አለች ምራቷ።

እንዝርቶቹ ቆሙ። አያ ልማድ ሆኖባቸው ቀጠሉ።

«በምን በላችሽ?»

«በውኃ።»

«የት ያዘችሽ?»

«ከወንዙ እስከዚህ ድረስ።»

የቄሱ ሚስት የልቃቂት ቅርጫቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ትንሽ ነው የሳበችው፤ አክስቴ ግን አየቻት። ባሏ የሞተባት ደግሞ ግድግዳውን ትታ ወደ ኮኩ ዛፍ ጠጋ አለች።

«እቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያን ጥጃዬን 'እንዴት ያለ ሸጋ ጥጃ ነው' ያልሽኝ ለት...»

«እና?»

«ምንም። ብቻ በሳምንቱ ሞተ።»

የአክስቴ ፊት ገረጣ። በዚያ ግቢ ትክክለኛውን ፍርሃት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ምንም ደስ አይልም ነበር። ወዲያው ደግሞ አክስቴ የግቢው ሐኪም ሆነች።

«ምን ቡዳ ቡዳ ትላላችሁ! ልጅቷ ጾማ ነው። እርጉዝ ናት፣ ውኃ ስትቀዳ ውላ ደክሟት ነው። በሶ በጥብጡላት! ሰው በረኀብ ሲወድቅ አይታችሁ አታውቁም?»

እንዲህ ያለ አስተዋይ ንግግር ከአክስቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። በአንዲት ደቂቃ ቡዳ የሚባል ነገር ከበጌምድር ጠፋ። እኔው በሶውን በጥብጬ አመጣሁና ምራቷ ጠጣች። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን አያ ክረምት ከበጋ ጠላ የሚጠጡት ከአክስቴ ቤት ነው።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ቡዳ በመጀመሪያ ሲጠየቅ ይዋሻል። ራሱን ሸሽጎ የጨዋ ሰው ይጠራል። ሁለተኛ መጠየቅ አለበት።»

«እውነት ነው!» አለች አክስቴ። ማስተዋሏ ዕድሜው ይኸው ነበር። «አያ እውነት አላቸው። ይጠየቅ!»

ምራቷን ከበቧት። ሽንኩርቱ እንደገና መጣ። «ማን በላሽ?» «አሁንስ ማን በላሽ?» «ከውጭ ያለችው ናት? ከውጭ ያለችው አይደለችም?» ምራቷ የአያን ፊት አየች፤ የጎረቤቶቹን አየች፤ መጨረሻ ላይ አብራት የምታድረውን የአክስቴን ፊት አየች።

«ሸክላ ሠሪዋ» አለች። ከገበያ ምን እንግዛ ተብላ የመለሰች ይመስል ነበር።

ግቢው ተነፈሰ። የቄሱ ሚስት ቅርጫቷን መለሰች። «እኔማ ብዬ ነበር!» «አህያ እበላለሁ ያለች ለታ!» ጥጃውም ከሞተበት ምክንያት ጋር ወዲያው ታረቀ፤ ለካ በዚያው ሳምንት ሸክላ ሠሪዋ በሰፈሩ አልፋ ነበር። አክስቴ መቀስ አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«አንቺ የአስኳላ፣ ሂጂ ከነጠላዋ ቆርጠሽ አምጪ። እምቢ ካለች አያ ይመጣሉ በያት። እናንተ ደግሞ ጋኑን እንዳትነኩት፤ ይቆይ፤ አያንጠባጥብም።»

ወጣሁ። ከአጥሩ ማዶ ስለሆንን ከውስጥ አንታይም። ሸክላ ሠሪዋ ሁሉንም ሰምታለች። መቀሱን አየችና የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ወጥራ ዘረጋችልኝ፤ እኔ ሳልነካት፣ እሷም ሳትነካኝ መቁረጥ እንድችል። ያን ያህል ተጠንቅቃ ነው የዘረጋችው።

«ቁረጪ» አለችኝ። «ባትቆርጪ ሌላ ሰው ይልካሉ። ጋኑን ግን ይመልሱልኝ።»

መቀሱን ከፈትኩ። ከዚያ ከትከሻዬ ላይ የአክስቴን ነጠላ ሳብ አድርጌ፣ ከጥለቱ በታች ካለው ዘርፍ ቆረጥኩ።

«ምነው?» አለች።

«ይኼም ነጠላ ነው» አልኳት።

የተወጠረውን ጫፍ ለቀቀችው። ከቦታዋ ግን አልሄደችም።

ቁራጩን ለአያ ሰጠሁ። ነጭ ነው፤ ነጭ ከነጭ አይለይም። ፍም ላይ ጣሉት፤ የሽማግሌ ጸሎት መሰል ነገር አጉተመተሙ፤ ጭሱን በጋቢያቸው ወደ ምራቷ ገፉት። በሶው ሆዷ ገብቶ ጉልበት ሆኗታል። ሳለች፣ ዓይኗን አሸች፣ ከዚያ ጋኑን ተደግፋ ተነሥታ ቆመች።

እልል አሉ።

«ጭስ አይዋሽም አላልኩም?» አሉ አያ።

«የበላው ሰው ልብስ ባይሆን መች ትነሣ ነበር!» አለች ባሏ የሞተባት።

«እንዲያውም ተጠራጥሬ ነበር፤ አሁን ግን በዓይኔ አየሁ» አለች የቄሱ ሚስት።

«ቁራጩ ከዚህ ነው» አልኩና የነጠላውን ጫፍ ዘርግቼ አሳየኋቸው።

ሦስቱም መጀመሪያ ያዩት ጥለቱን ነው። የማን ነጠላ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ለቡሄም ለመስቀልም የተለበሰ ነው። ከዚያ አክስቴን አዩ። አያ አፋቸውን ከፈቱ። ለመጀመሪያው መልስ የሚሆን ሕግ አግኝተው ነበር፤ ለዚህ የሚሆን ግን እየፈለጉ ቀሩ፤ ጭስ አይዋሽም ያሉት ራሳቸው ናቸው። የቄሱ ሚስት እጅ ደግሞ ወደ ቅርጫቷ መሄድ ጀመረ።

አክስቴ ሞኝ አይደለችም። ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናት የሚል ሰው ከዚህ በኋላ የዛሬውን ማውራት ይኖርበታል፤ የዛሬው ሲወራ ደግሞ ነጠላው ይወራል። ይህን ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም። ከመደቡ ወርዳ ወደ ጋኑ ሄደች። ሆዱን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ ደረቅ ነው።

«ጋኑ ሸጋ ነው» አለች፣ ከውጭ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «አያንጠባጥብም። ገብሱን ስፈሩላት።»

«እኛም እናዛለን እንግዲህ?» አለች የቄሱ ሚስት፣ ዓይኗን ከነጠላው ሳትነቅል።

«ምነው፣ ጋን አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ እቴ፣ እፈልጋለሁ።»

ባሏ የሞተባትም እንደምትፈልግ ተናገረች። ዛሬ የሆነው ሁሉ የጾም ድካም እንደሆነም ጨመረች። ምራቷ መደቡ ላይ፣ አክስቴ በተነሣችበት ቦታ፣ ተቀመጠች። ማንም ተነሺ አላላትም።

አክስቴ በአጠገቤ ስታልፍ ሳታየኝ ተናገረች። «አንቺ ዛሬ እዚህ ቤት አታድሪም።»

«እሺ» አልኩ።

ገብሱን እኔ ሰፈርኩ፤ እንስራውን እስከ አፉ ሞልቼ፣ ከበሩ ውጭ መሬት ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ አልኩ። ሸክላ ሠሪዋ ወደ ስልቻዋ ገልብጣ አህያዋ ላይ ጫነችው። ነጠላውን አጥፌ መደቡ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። ቦርሳዬንና የታሪክ መጽሐፌን አንሥቼ ወጣሁ።